«ጋዝ ጨርሶ ነው» ከማለት በፊት

ፍሪጅ ባስቸገረ ቁጥር አርባ ምንጭ ላይ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ጋዝ ጨርሶ ነው»። ጎረቤት ይለዋል፣ ባለ ሱቅ ይለዋል፣ አልፎ አልፎ ጠጋኙም ፍሪጁን ከግድግዳው ሳያላቅቅ ይለዋል። በከተማዋ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ፍሪጅ ግን ከጋዝ በፊት የሚጠረጠሩ ብዙ ነገሮች አሉት፤ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው መብራት፣ የላላው የበር ጎማ።

ዳገቱን በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ ሲወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አየሩ ግን በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ ዘጠኝ ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ታች ሙቀት የሚያደክመውን ፍሪጅ ከላይ ደግሞ ብርድ ያሰንፈዋል።

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሦስት ናቸው፤ ሲቀላ ውስጥ ጁስ ቤት ያላት ሴት፣ ከጨንቻ ፖም ይዘው የወረዱት አጎቷ፣ እና ፍሪጅ በመጠገን የሚተዳደር ባለሙያ። ጊዜው የካቲት ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፏል።

«ጋዙን ይዘህ መጣህ?» አለች ባለ ጁስ ቤቷ፣ የማንጎ ልጣጭ ከእጇ ላይ እያራገፈች።

«ደህና ዋልሽ እህቴ? ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ባለሙያው። «ጋዝ ማለቁን ማን ነገረሽ?»

«አያቀዘቅዝማ! ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ አላረፈም፤ ጁሱ ግን ለብ ብሎ ነው የሚወጣው። ደንበኛ እያኮረፈብኝ ነው።»

«ሞተሩ ከሠራና ትንሽም ቢሆን ካቀዘቀዘ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጋዙን አይደለም። ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ እየተቃጠለ አያልቅም።»

አጎትየው ጣልቃ ገቡ። «ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ይመላለሳል ጋሼ። የእናንተ አገር ሸማኔ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ቢውል መወርወሪያው አያልቅበትም አይደል? ጋዙም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይሞቃል። ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ቱቦ ሾልኮ ፍሪዘሩ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ይወርድና ይተናል፤ ሲተን ከሥጋውም ከጁሱም ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሞተሩ። ፋብሪካ የሞላው ያው ጋዝ ሃያ ዓመት ሊመላለስ ይችላል።»

«ካነሰስ?» አለች።

«ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳውን ፈልጎ ሳይደፍን ጋዝ የሚሞላልሽ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ገንዘብ ሊቀበልሽ ይመጣል።»

ባለሙያው ካቻቢቴውን ከቦርሳው አላወጣም። እጁን በፍሪጁና በግድግዳው መካከል ለማስገባት ሞከረ፤ አልገባም። ግድግዳው በምዕራብ በኩል ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ከውስጥም ይሞቃል። ፍሪጁ አናት ላይ ባዶ ካርቶንና የፌስታል ክምር ተቆልሏል።

«ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም» አለ። «ከውስጥ ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ነው የሚደፋው። የሚደፋበት ቦታ ካጣ እዚያው ይታፈናል። ከግድግዳው ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካርቶኑም ይነሳ።»

ሶኬቱን ነቅለው ፍሪጁን ወደ ፊት ሳቡት። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ ጥቁርነቱ ጠፍቷል። በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች መካከል አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ከጎረቤት ሳምቡሳ መጥበሻ የመጣ የዘይት ጭስ ተጋግሮ ግራጫ ሆኗል። ባለሙያው ደረቅ የቀለም ብሩሽ አውጥቶ ከላይ ወደ ታች ሲጠርገው አቧራው በቁርጥራጭ እየተላቀቀ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይህን ለማድረግ እኔን መጥራት አያስፈልግሽም። ሶኬቱን ነቅለሽ፣ በደረቅ ብሩሽ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። ውሃ ግን እንዳትረጪበት።»

«የጎረቤቴ ፍሪጅ ከኋላው ምንም የለውም እኮ፤ ልሙጥ ነው። ጎኑ ደግሞ ሲነኩት ያቃጥላል። የእሷስ ተበላሽቶ ይሆን?»

«አልተበላሸም። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ፍርግርጉን በግራና በቀኝ ጎናቸው ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀውታል። ጎኑ መሞቁ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ጎኑ ሞቆ ውስጡ ካልቀዘቀዘ ያኔ ትጥራኝ።»

ከዚያ በፍሪጁ ውስጥ፣ ከአትክልት መሳቢያው አጠገብ የተለጠፈችውን ወረቀት በስልኩ መብራት አነበበ። ወረቀቷ ላይ የጋዙ ዓይነትና መጠን ተጽፏል፤ ከዚያም ገዢዎች ልብ የማይሏት አንዲት የምድብ ምልክት አለች። ምልክቷ ፍሪጁ በምን ያህል የክፍል ሙቀት እንዲሠራ እንደተነደፈ ትናገራለች። ኤን ከሆነ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ኤስኤን ከ10 እስከ 32፣ ኤስቲ ከ16 እስከ 38፣ ቲ ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ። ሁለት ምድቦች በአንድነት የሚጻፉባቸውም አሉ፤ ኤስኤን እና ቲ በሰረዝ ተያይዘው ከተጻፉ ፍሪጁ ከ10 እስከ 43 ዲግሪ ይችላል ማለት ነው።

«የአንቺ ኤን ነው። በቆርቆሮ ሥር በየካቲትና በመጋቢት 32 ዲግሪ ማለፍ ለሲቀላ ምኗም አይደለም። ፍሪጁ ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ ግን አይደርስበትም።»

«ሽጪው ነው የምትለኝ?»

«ጥላ ውስጥ አስገቢው ነው የምልሽ። ኮርኒስ ያለው ክፍል ካለሽ ወደዚያ ይዛወር። ሌላ ስትገዢ ግን ከቀለሙ በፊት ምድቡን እዪ፤ ለአርባ ምንጭ ኤስቲ ወይም ቲ።»

«ለጨንቻስ?» አሉ አጎትየው።

«ለእርስዎም ምድብ አለ ጋሼ፤ እደርስበታለሁ።»

ቀጥሎ የበሩ ተራ ሆነ። ባለሙያው ከኪሱ የአሥር ብር ኖት አወጣ፤ ግማሹን ወደ ውስጥ ግማሹን ወደ ውጭ አድርጎ በሩን ዘጋበትና ጫፉን ሳበ። ላይኛው ጥግ ላይ ጎማው ብሩን ጨምድዶ ያዘ። መሃል ላይም ያዘ። ከታች በማጠፊያው በኩል ግን ብሩ ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ወጣ። ጎማውን ገለጥ ሲያደርገው በእጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ጭማቂ ጠጥሯል።

«ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው፤ አድርቂው። ካልያዘ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዢበት፤ ይለሰልስና ቅርፁ ይመለሳል። ከተቀደደ ግን መቀየር ነው። በዚህች ክፍተት የሚገባው እርጥበት ነው ፍሪዘርሽ ላይ በረዶ የሚጋግረው።»

ፍሪዘሩን ሲከፍተው በረዶው ከጣት ውፍረት አልፏል። በበረዶው ላይ ረዣዥም ጭረቶች ይታያሉ።

«ይህን ቢላዋ ማን አሳረፈበት?»

«እኔ ነኛ! በሩ አልዘጋ ሲለኝ ምን ላድርግ?»

«ተርፈሻል። ከዚህ ስስ አሉሚኒየም ሥር ያለው የጋዙ መተላለፊያ ነው። ቢላዋው አንድ ጊዜ ከበሳው ያኔ ጋዙ የምር ጨረሰ። በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ፍሪጁን ነቅለሽ፣ በሩን ከፍተሽ፣ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪበትና ጠብቂ። በረዶ ሲወፍር ቅዝቃዜውን ይሸፍነዋል፤ ሞተሩ ይለፋል፣ ጁስሽ ግን አይቀዘቅዝም። ኖ ፍሮስት የሚባሉት ይህን ሥራ ራሳቸው ያከናውናሉ፤ ውስጣቸው ያለች ማሞቂያ በየጊዜው እየበራች በረዶውን ታቀልጣለች። ኖ ፍሮስት ሆኖ ከኋላ ግድግዳው በረዶ ከጋገረ ግን ማሞቂያዋ ወይም የምታዛት መቆጣጠሪያ ተበላሽታለች፤ እሱ የእኛ ሥራ ነው።»

ሴትየዋ መቆጣጠሪያውን አሳየችው። ቁጥሩ 7 ላይ ነው። ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር ዲግሪ እንዳልሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍሪጁ ይበልጥ እንዲያቀዘቅዝ እንደሚታዘዝ ባለሙያው አስረዳ። መጨረሻው ላይ ሲደረግ ሞተሩ የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል፤ በረዶውም ይብሳል። መሃል ላይ አድርጎ፣ ቴርሞሜትር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ማሳደር ነው። ጠዋት 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ለምግብ ደህና ነው፤ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ሊደርስ ይገባል።

እስካሁን የተነጋገሩበት ሁሉ ገንዘብ የማያስወጣ ነበር። ወጪው የተገኘው ሶኬቱ ጋ ነው። ፍሪጁ፣ ጁስ መፍጫውና የስልክ ቻርጀሩ በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። የፍሪጁ መሰኪያ አንደኛው እግር ቡናማ ሆኖ፣ የዲቫይደሩ ፕላስቲክ ቀልጦ ተኮማትሯል።

«ሌላም ነገር አለ» አለች። «ማታ ማታ ‹ቀጭ› ይላል፤ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ‹ቀጭ›። ሞተሩ ግን አይነሳም።»

«ሲነሳ የሚያስፈልገው መብራት ከተነሳ በኋላ ከሚበላው ብዙ እጥፍ ነው። መብራቱ ከደከመ ሞተሩ ይታገላል እንጂ አይዞርም፤ ይግላል። ‹ቀጭ› የምትለው ኦቨርሎዷ ናት፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ትቆርጥለታለች። ሲበርድ ትመልሳለች፤ እንደገና ትቆርጣለች። በደካማ መብራት ሌሊቱን እንዲህ ያደረ ሞተር አንድ ቀን አይነሳም።»

ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ከተተ። 211 ቮልት። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ ወደ 184 ወረደ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ ለኩሳለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ተኩል ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የቤት ፍሪጅ ሞተር ሲሠራ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ዋት ይበቃዋል። በኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ አሥር በመቶ ቢጎድል፣ ማለትም 198 ድረስ ቢወርድ፣ አብዛኛው ሞተር ይታገሣል። ከዚያ በታች ሲሆን መነሳት ይቸገራል።

አጎትየው አልተዋጠላቸውም። «ግቤ ሦስት እዚሁ ኦሞ ላይ፣ ወላይታና ዳውሮ መካከል ተገድቦ፣ መብራቱ እኛ ጋ ሲደርስ ለምን ይደክማል?»

«በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተነግሯል፤ ኃይሉ አለ ጋሼ። የሚደክመው ከትራንስፎርመሩ እስከ እርስዎ ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ከተጫነበት፣ ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ማገናኛው ከላላ፣ በየቦታው ቮልቴጁ ይጎድላል። ሁሉም እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ሌላ የግቤ ግድብ ቢጨመርም የዚህችን ዲቫይደር የቀለጠ እግር አያስተካክለውም።»

መፍትሔው ሁለት ነበር። ለፍሪጁ ብቻ የሚሆን፣ ምድር ሽቦው የተያያዘ የግድግዳ ሶኬት ማስገባት አንደኛው ነው። ሁለተኛው ጋርድ ወይም ስታብላይዘር መግዛት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጋርድ ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድ ወይም ሲያልፍ ይቆርጣል፤ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ስታብላይዘር የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። መብራቱ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ጋርዱ ይበቃል፤ ማታ ማታ በየቀኑ የሚደክም ከሆነ ግን ጋርዱ ፍሪጁን አጥፍቶ ከማሳደር ሌላ አያደርግለትም።

«ስታብላይዘሩን እስክገዛስ?»

«መብራት ሲሄድ ንቀዪው። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪው። ጋዙ በአንድ በኩል እንደተጨመቀ ስለሚቀር ወዲያው ከተነሳ ሞተሩ ከባድ ግፊት ይገጥመዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግፊቱ ይመጣጠናል።»

«ምድር ሽቦ ያልከው ለዚያ ነው? አንዳንዴ በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል።»

«ይህን መጀመሪያ ነበር መንገር! የሚነዝር ፍሪጅ አይነካም፤ ከቆጣሪው አጥፍተሽ ትነቅይዋለሽ። ሦስተኛዋን የመሰኪያ እግር ሶኬት አልገባ አለች ብሎ የሚቆርጣት ሰው አለ። ኤሌክትሪክ አካሉ ላይ ቢያፈስ ወደ መሬት የምትወስደው እሷ ናት።»

አሁን ተራው የጨንቻ ሆነ። አጎትየው ችግራቸውን በአጭሩ ተናገሩ። ፍሪዘሩ ላይ ያስቀመጡት ሥጋ ሌሊት ሌሊት ይለሰልሳል፤ ከታች ያለው ወተት ግን ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የእሳቸውንም ፍሪጅ ያየ ሰው «ጋዝ ጨርሷል» ብሏቸዋል።

«ፍሪጁ የት ነው የተቀመጠው ጋሼ?»

«እንግዳ መቀበያው ጥግ። ብርድ ስላለ ይረዳዋል ብዬ ነው።»

«እሱ ነው የጎዳው። የእርስዎ ፍሪጅ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሞተር፣ አንድ መቆጣጠሪያ ነው ያለው። መቆጣጠሪያው የሚያዳምጠው የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉ በብርድ 12 ዲግሪ ከሆነ ወተቱ ቶሎ የሚሞቅበት ምክንያት የለም። መቆጣጠሪያው ‹ደህና ነው› ብሎ ሞተሩን ቶሎ አያስነሳም። ፍሪዘሩ ግን በራሱ ከዜሮ በታች 18 ላይ ሊቆይ አይችልም፤ ሞተሩ በተኛ ቁጥር ይለሰልሳል።»

«ስለዚህ ፍሪጁ ብርድ መታው?»

«መታው! ቀን እሳት ወደሚነድበት ማድ ቤት ያስገቡት፤ ከምድጃው ግን ይራቅ። ለደጋ የሚሆነው ምድብ ኤስኤን ነው፤ ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ይሠራል። አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ ለብርድ ወቅት የምትጫን ቁልፍ አላት፤ ቁልፏ መቆጣጠሪያውን በትንሽ ሙቀት አታልላ ሞተሩን ታስነሳለች።»

«ባለቤቴ የስኳር መድኃኒቷንም እዚያው ነው የምታኖረው። ፍሪዘሩ ሥር፣ ከኋላ ግድግዳው አስደግፋ።»

«ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። የኋላ ግድግዳውን ከነካ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣላል። መሃለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከፊት ለፊት ያስቀምጡላት። ሲጠራጠሩ የጤና ጣቢያ ፋርማሲስት ይጠይቁ።»

ሴትየዋ የጠቆረ ሙዝ ይዛ ብቅ አለች። ትናንት ጠዋት አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ፍሪጅ የገባ ነው። «ይህስ? ይህ የፍሪጁ ጥፋት አይደለም?»

«የፍሪጁ ደህንነት ነው» አለ ባለሙያው እየሳቀ። ሙዝ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ይጎዳል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ጥሬው ከእንግዲህ በወጉ አይበስልም። ጥሬ ማንጎና ፓፓያም ብርድ አይወዱም። ለጁስ የበሰለውን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል፤ ጥሬው ግን ውጭ፣ ጥላ ውስጥ ነው የሚበስለው። አጎትየው ያመጡት የጨንቻ ፖም ግን የደጋ ፍሬ ነው፤ ፍሪጅ ይስማማዋል። ኤቲሊን የሚባል አብሳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከሰላጣና ከጎመን ለይቶ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ያው ጋዝ ከሙዝ ጋር ውጭ ሲቀመጥ ሙዙን ቶሎ ያበስለዋል፤ ለጁስ ቤት ይህ ጥቅም ነው።

ሴትየዋ ጁስ ብቻ አይደለም የምትሸጠው፤ ዓርብና ቅዳሜ ከጫሞ የሚመጣ ቆሮሶ ጠብሳ ታቀርባለች። መብራት ሲጠፋ የምትሰጋው ለአሳው ነው።

«ስንት ሰዓት ይቆይልኛል?»

«በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ አራት ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን፤ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ባዶ ቦታ ካለሽ በሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ በረዶ አድርጊበት፤ ከላስቲኩ አፍ ትንሽ አጉድይ፣ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል። ‹እስኪ ልየው› እያልሽ ከከፈትሽ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። አሳው ከለሰለሰና ፍሪጁ ከአራት ዲግሪ በላይ ሰዓታት ከቆየ አሽትተሽ አትወስኚ፤ የሚያሳምመው ሁሉ አይሸትም።»

«ከመሳቢያው ሥር የሚጠራቀመው ውሃስ? ማንጎው እየታጠበ ነው።»

ባለሙያው በኋለኛው ግድግዳ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳያት። የቀለጠው ውሃ በዚያች ወርዶ ከሞተሩ በላይ ካለች ሳህን ይገባል፤ የሞተሩ ሙቀት ያተነዋል። ቀዳዳዋ በሰላጣ ቅጠል ስትዘጋ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የጥጥ እንጨት አስገብቶ ማጽዳት፣ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ማፍሰስ ነው። ያን ቀን ከውስጥ የወጣው የሽንኩርት ልጣጭ ነበር።

«እሺ» አሉ አጎትየው፤ «ሁሉን ነገርከን። ጋዝ የሚጨርሰውስ መቼ ነው?»

«ሞተሩ ሳያርፍ እየሠራ፣ ፍሪጁ ከግድግዳው ርቆ፣ ጎማው ይዞ፣ መብራቱ ደህና ሆኖ፣ ፍሪዘሩ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ በረዶ ሠርቶ ሌላው ደረቅ ከሆነ፤ በቱቦው መጋጠሚያ ላይ የዘይት ርጥበት ካየሁ፤ ያኔ ጋዝ እጠረጥራለሁ። ቀዳዳውን ፈልጌ እበይዳለሁ፣ ፊልትሯን እቀይራለሁ፣ አየሩን በፓምፕ አወጣለሁ፣ ከዚያ ወረቀቷ የምትለውን ያህል በሚዛን እሞላለሁ። በግምት ‹እስኪበቃ› የሚሞላ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።»

የጋዙ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ድሮ ፍሪጆች ውስጥ የነበረው አር 12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚበላ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት ከምርት እንዲወጣ ተወሰነበት። የተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይነካም፣ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ አገሮች እሱንና መሰሎቹን ለመቀነስ ተስማሙ። ዛሬ በአዳዲስ የቤት ፍሪጆች ውስጥ የሚበዛው አር 600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን ነው። ለአየር ንብረት የተሻለ ነው፤ አንድ ፍሪጅ የሚፈልገውም ጥቂት አሥር ግራሞች ብቻ ነው። ግን ይነዳል።

«የእሳት ምልክት ያለበት ቢጫ ወረቀት ሞተሩ ላይ ካያችሁ በዝግ ክፍል ውስጥ ማንም ብየዳ እንዳይለኩስበት» አለ። «አር 134ኤ የነበረበትንም በዚህ ልለውጥልህ የሚል ካለ እምቢ በሉ። ፍሪጁ ለሚነድ ጋዝ ተብሎ አልተሠራም።»

አጎትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ሲቀላ የወረዱት ፖም ለማድረስ ብቻ አልነበረም። ጎጆ ለወጣች ልጃቸው ያገለገለ ፍሪጅ ሊገዙ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተነጋግረዋል፤ ዕቃውን የሚጭንላቸው አይሱዙም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጨንቻ ይወጣል።

«ገንዘቡን ከፍለዋል?»

«ቀብድ ብቻ።»

«እንግዲያው አሁን ይደውሉና ባዶውን ይሰኩልዎት። እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ይሥራ። ስንደርስ ፍሪዘሩ በሙሉ ነጭ በረዶ መልበስ አለበት፤ ግማሹ ብቻ ከሆነ ቀብድዎን ይዘው ይመለሱ። ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም አዳምጣለሁ። ቱቦው ላይ አዲስ የብየዳ ጠባሳ ካለ ማን እንደበየደው እጠይቃለሁ። በሩን በአሥር ብር እሞክራለሁ። ምድቡንም አያለሁ፤ ኤን ከሆነ ለጨንቻ አይሆንም።»

«መኪናው ላይ ግን ቦታ የለም፤ አስተኝተን ነው የምንጭነው።»

«አይተኛም ጋሼ! ሞተሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ሲተኛ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ቁሞ ይታሰር። ግድ ሆኖ ከተኛ ግን ጨንቻ ሲደርስ አቁመው እስከ ነገ እንዳይሰኩት፤ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል።»

ባለ ጁስ ቤቷ ሒሳቧን ጠየቀች። ባለሙያው የሶኬቱንና የሽቦውን ዋጋ፣ የእጁንም ጨምሮ ነገራት፤ ለጋዝ ብላ ካስቀመጠችው በእጅጉ ያነሰ ነበር። በተረፈው ስታብላይዘር እንድትገዛ መክሮ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ።

አጎትየው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። «ለልጄ ዛሬ ሦስት ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ልወስድላት ነበር። ፍሪጁ እስከ ነገ ካልተሰካ የት ይደር?»

«ማታውኑ ጠብሳችሁ ብሉት» አለ ባለሙያው፣ ቦርሳውን እየዘጋ።